ሜዳውን በእርምጃ የምትለካው ሴት

ሰው ፊት መናገር አልችልም። ይህን እንኳ ደፍሬ የምናገረው በጽሑፍ ስለሆነ ነው። ባጃጅ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት ስለሚያሳፍረኝ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ እየጠበቅኩ፣ ዲላ መሀል መውረድ ሲገባኝ ጪጩ ድረስ ሄጄ አውቃለሁ። ከጪጩ በእግሬ ስመለስ አንድ የሚያውቀኝ ሰው አገኘኝና "ምነው በእግርሽ?" አለኝ። "ለጤና ነው" አልኩት። አላመነኝም። በጠራራ ፀሐይ፣ በተረከዝ ጫማ፣ ለጤና የሚሄድ ሰው አይታመንም።

እንዲህ ያለች ሰው እንዴት የጸጥታ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነች ብላችሁ መጠርጠራችሁ አይቀርም። ጠርጥሩ፤ አልቀየማችሁም። ዘንድሮ እኛ ሰፈር ያልተጠረጠረ ሰው የለም። ከሁሉም በላይ የተጠረጠረችው ደግሞ ማን እንደሆነች እነግራችኋለሁ፤ ለእናንተ መናገሩ አይከብደኝም፣ ፊታችሁ አይታየኝም።

ነገሩ የጀመረው የሰፈራችን ሰው "የዓለም ዋንጫን በትልቅ ስክሪን፣ ሜዳ ላይ፣ አብረን እናያለን" ብሎ የተነሣ ዕለት ነው። ሜዳው ከአሮጌው የቡና መጋዘን ጀርባ ያለው ነው፤ በአንድ በኩል የመጋዘኑ ግድግዳ፣ በሁለት በኩል የድንጋይ አጥር፣ በአራተኛው በኩል የእትዬ አየለች የቀርከሃ አጥር አለው። አብዛኛው ጨዋታ እኛ ከተኛን በኋላ ስለሚጀመር፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት የሚጀመር አንድ የቅዳሜ ጨዋታ ተመረጠ። ማን ከማን እንደሚጫወት በመጀመሪያ የጠየቀ አልነበረም። በኋላ ብራዚል እንዳልሆነ ሲታወቅ ግማሹ ሰፈር አኮረፈ፤ አርጀንቲናም እንዳልሆነ ሲሰማ ታረቀ።

ቀበሌው አልከለከለም። "የጸጥታ ኮሚቴ አቋቁሙ፤ ቃለ ጉባኤ እየያዛችሁ አምጡ" ብቻ አለ። ቃለ ጉባኤ እንግዲህ ታውቁታላችሁ፤ ያልተጻፈበት ነገር ቢደረግም አልተደረገም፣ የተጻፈበት ነገር ባይደረግም ተደርጓል።

ስብሰባ ተጠራ። ጡረታ የወጡት የስፖርት መምህር ጋሽ ዱካለ ሊቀመንበር ሆኑ። ጋሽ ዱካለ ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው አያውቁም፤ ለቅሶ ቤትም ይዘውት ይሄዳሉ፣ ከሸሚዛቸው ስር ያደርጉታል እንጂ። የማዕዘኑ ሱቅ ባለቤት ጋሽ ሸምሱ የጸጥታ ኃላፊ ሆኑ። ከባንኮኒ ጀርባ ሆነው ስንት ዓመት ሰው ሲያጠኑ ስለኖሩ ማንም አልተከራከራቸውም። እትዬ አየለች ግቢያቸው ከሜዳው ጋር ስለሚዋሰን "ዓይን" ሆነው ተመረጡ። የቀረው ጸሐፊ ነው።

"ማነው ስብሰባው ከተጀመረ አንድ ቃል ያልተነፈሰ?" አሉ ጋሽ ዱካለ።

ሁሉም ሰው ዞሮ አየኝ። ከምሰሶው ጀርባ ነበርኩ፤ ምሰሶው ግን ቀጭን ነው።

"ያቺ ልጅ ምን ተማረች?"

"ስታትስቲክስ" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

"ቁጥር ታውቃለች ማለት ነው። ለጸጥታ ቁጥር ያስፈልጋል። ድጋፍ?" እጅ ተነሣ። "ተቃውሞ?"

እጄን ማንሣት ጀመርኩ። ጆሮዬ ጋ ሲደርስ ሰው አየኝ፤ ጸጉሬን አከክ አከክ አድርጌ አወረድኩት።

"በሙሉ ድምፅ!" አሉ ጋሽ ዱካለ፣ ፊሽካም ነፉ።

ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ያልፈለግኩትን ሥራም ቢሆን ከያዝኩት በትክክል ነው የምይዘው። ስለዚህ ሦስት ቀን ስልኬ ላይ ሕዝብ ስለሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አንድ ነገር ገባኝ፤ ሰው የሚረጋገጠው ብዙውን ጊዜ ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ ነው። ሲገባ አንድ በአንድ፣ እያወራ፣ ሰላም እየተባባለ ነው። ሲወጣ ግን ሁሉም እኩል ቤቱ ይናፍቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የመውጫው ስፋት ነው።

ሜትር ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ መዋስ እችል ነበር። ግን "ለምን ፈለግሽው?" ይሉኛል፤ መልስ መስጠት ሊኖርብኝ ነው። በእርምጃ ልለካው ወሰንኩ። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ካፊያ ስለነበረ ጥቁር ጃንጥላዬን ይዤ፣ ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ ጠቅልዬ ሦስት ጠዋት ሜዳውን ዞርኩ። እቆጥራለሁ፤ እቆማለሁ፤ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ሰው ሲመጣ ጃንጥላውን ዝቅ አደርጋለሁ። ሰውየው ሰላም ሊለኝ ያሰበ ከመሰለኝ የመጋዘኑ ግድግዳ ጥግ ተለጥፌ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ይህ ነገር ከሩቅ ሲታይ ምን እንደሚመስል ያኔ አልገባኝም ነበር።

ውጤቱ አላማረኝም። ሜዳው ያለው በር አንድ ነው። ባለ ሁለት ክንፍ የቆርቆሮ በር ሲሆን ሁለቱም ቢከፈቱ አራት እርምጃ ነው፤ ከበሩ ወጣ ሲባል ደግሞ ቦይ አለ። በአንጻሩ የእትዬ አየለች ቀርከሃ በአንድ በኩል በስብሷል፤ የበሰበሰው ቦታ አሥራ አራት እርምጃ ነው። እሱ ለአንድ ምሽት ቢከፈት የፈለገው ሕዝብ እየተንሸራሸረ ይወጣል። ይህን ሁሉ በካርታ ሣልኩት። አደገኛው ቦታ፣ በሩ አፍ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረግኩ። ቀይ ባልጠቀም ጥሩ ነበር።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ላቀርበው ተዘጋጀሁ። መስታወት ፊት ቆሜ "የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት" ማለት ስንት ጊዜ እንደተለማመድኩ አልነግራችሁም። ስብሰባው ተጀመረ። አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ተከፍቶ ነበር።

"እኔ አስቸኳይ ነገር አለኝ!" አሉ እትዬ አየለች። "ሦስት ቀን ሙሉ በጠዋት አንዲት ሴትዮ ሜዳውን ስትዞር ታየችኝ። በእርምጃ ትለካለች። ትጽፋለች። ሰው ሲመጣ ትደበቃለች።"

አፌን ዘጋሁት።

ጋሽ ሸምሱ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። "ምን ትለብሳለች?"

"ጥቁር ጃንጥላ።"

"ጃንጥላ አይለበስም፣ እትዬ" አሉ ጋሽ ዱካለ።

"እሷ ግን ለብሳዋለች! ፊቷ አይታይም እኮ ነው የምልዎት።"

ጃንጥላዬ ከወንበሬ ስር ነበር። በእግሬ ቀስ እያደረግኩ ገፋሁትና ጋሽ ዱካለ ወንበር ስር አስገባሁት።

"የኛ ሰፈር ሰው ትመስላለች?"

"በጭራሽ! የኛ ሰው ብትሆን ሰላም ትለኝ ነበር። እኔን አይቶ ሰላም ሳይል የሚያልፍ የዚህ አገር ሰው አለ?"

ያኔ "እኔ ነኝ፣ እትዬ" ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሦስት ቃል ነው። እትዬ የጀመሩት አረፍተ ነገር ይለቅ ብዬ ጠበቅኩ። ቀጥሎ ሌላ መጣ። እሱም ይለቅ አልኩ። በመሀል ጋሽ ሸምሱ "ጸሐፊ፣ ያዢ!" አሉኝና እጄ በራሱ ጊዜ ጻፈ፦ "አንዲት ማንነቷ ያልታወቀ ሴት…" አያችሁ፣ በገዛ እጄ "ማንነቷ ያልታወቀ" ብዬ ከጻፍኩ በኋላ እንዴት እታወቃለሁ?

ውሳኔዎቹ እነዚህ ነበሩ። ተጠርጣሪዋ ሾልካ እንዳትገባ የእትዬ አየለች አጥር በገመድ ይታሰር። ከበሩ ሁለት ክንፍ አንዱ ብቻ ይከፈት። በሩ ላይ የፍተሻ ጠረጴዛ ይቀመጥ። ከታች ፈረምኩ።

ቤቴ ስደርስ ነው ያሰብኩት። እኔ ዝም በማለቴ አሥራ አራቱ እርምጃ ታስሯል፤ አራቱ እርምጃ ሁለት ሆኗል፤ ከሁለቱ ላይ ደግሞ ጠረጴዛው አንዱን ይወስዳል። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ እርምጃ ሊወጣ ነው። ልጅ የያዘ አለ፤ ሽማግሌ አለ፤ ቦይ አለ። መናገር ነበረብኝ። ስለዚህ ዓይናፋር ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ደብዳቤ ጻፍኩ።

"ለጸጥታ ኮሚቴው። መውጫው ጠባብ ነው። በዚህ ከቀጠላችሁ ሰው ይጎዳል። አጥሩን ክፈቱ።" ስሜን አልጻፍኩም። በጠዋት በጋሽ ሸምሱ ሱቅ በር ስር አስገብቼ እየሮጥኩ ሄድኩ።

በሦስተኛው ስብሰባ ጋሽ ሸምሱ ደብዳቤውን በሁለት ጣት ይዘው ብድግ አሉ። "ወላሂ፣ ዛተችብን!"

"ምን ብላ?" አሉ እትዬ አየለች፣ ደረታቸውን ይዘው።

"ስሙኝ! 'በዚህ ከቀጠላችሁ ሰው ይጎዳል!' ሰምታችኋል? 'አጥሩን ክፈቱ!' ለማን ነው የሚከፈተው? ለሷ ነዋ! አጥሩን እንዳሰርነው በምን አወቀች? ውስጣችን ሰላይ አለ።"

ሁላችንም ተያየን። እኔም በየተራ አየኋቸው፤ ካላየሁ ያስጠረጥረኛል።

"ጸሐፊ፣ ደብዳቤውን ቃል በቃል ቃለ ጉባኤው ላይ ገልብጪው" አሉኝ።

አስቡት እንግዲህ። የራሴን ደብዳቤ፣ በራሴ እጅ፣ እሳቸው ትከሻዬ ላይ ቆመው እያዩ ልገለብጥ ነው። የእጅ ጽሕፈቴ እንዳይታወቅ ወደ ግራ አጋደልኩት፤ ፊደላቱን አንዱን ትልቅ፣ አንዱን ትንሽ አደረግኩ።

"እጅሽን ምን ነካው?" አሉ ጋሽ ዱካለ።

"ብርድ ነው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃለ ጉባኤው በሙሉ በዚያ ጽሕፈት መቀጠል ነበረበት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ስሜን እንደ ሰካራም ለመጻፍ ሆነ።

ተጠርጣሪዋ በበኩሏ ታድግ ጀመር። መጀመሪያ "መካከለኛ ቁመት" ነበራት። በሳምንቱ ረዘመች። ቀጥሎ የጋሽ ሸምሱ ደንበኛ ይርጋጨፌ መናኸሪያ የአውቶቡስ ሰዓት ስትጠይቅ አያት። በዚያው ቀን ሌላ ሰው ጨለለቅቱ ላይ ከሞተር ኋላ ተፈናጥጣ ስታልፍ አያት፤ ያኔ ቀይ ዳማ ሆናለች፣ መነጽርም አድርጋለች። እኔ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። ቢሆንም ለማንኛውም ብዬ የመግቢያ ፊርማዬን ሄጄ አየሁ። ፈርሜያለሁ። ግን በስንት ሰዓት እንደወጣሁ ሳስበው እኔም ትንሽ ጠረጠርኩ።

ከዚያ የጫማ አሻራው መጣ። ጋሽ ዱካለ በጭቃው ላይ አገኙትና ዝናብ እንዳያጠፋው የእትዬ አየለችን የልብስ ሳፋ ደፉበት። እትዬ አየለች ሁለት ቀን ልብስ ሳያጥቡ ቆዩ። ኮሚቴው ሳፋውን ከቦ ቆመ፤ ጋሽ ሸምሱ በክር ለኩት፤ ክሩን ቋጥረው ያዙ።

"የሰፈሩ ሴት ሁሉ ይለካል" አሉ። "ለአርአያነት ከኮሚቴው እንጀምር።"

የእትዬ አየለች እግር ከክሩ አለፈ። "ልጅ ስወልድ ነው የሰፋው" አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ተራዬ ደረሰ። ጣቶቼን ጫማዬ ውስጥ አጠፍኩ፤ ጫማ ግን ጣት አጠፍክ አላጠፍክ አያጥርም። ክሩ ከተረከዜ እስከ ጫፌ ልክ መጣ። ቋጠሮው የጫማዬ አፍንጫ ላይ።

"ልክ ናት!" አሉ እትዬ አየለች።

ሁሉም ጫማዬ ላይ አፈጠጡ። እኔ ዝም አልኩ፤ እሱንስ እችልበታለሁ። 'በቃ፣ አለቀ' ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንዲያውም ቀለል አለኝ። ሳልናገር ሊታወቅልኝ ነው።

ጋሽ ሸምሱ አገጫቸውን ሲያሻሹ ቆዩና "ጥሩ መረጃ ነው" አሉ። "ተጠርጣሪዋ የጸሐፊያችንን ቁጥር ጫማ የምታደርግ ሴት ናት። ያዢ።"

ያዝኩ። ያን ዕለት ውሳኔ ቁጥር አራት ተጨመረ፦ ተጠርጣሪዋ ፕሮጀክተሩን ይዛ እንዳትወጣ ሕዝቡ ሲገባ ብቻ ሳይሆን ሲወጣም ይፈተሻል። ሴቶቹን የምፈትሸው እኔ ነኝ።

ከጨዋታው አንድ ሳምንት አስቀድሞ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሙከራ ተደረገ። ስክሪኑ ሁለት አንሶላ ተጋጥሞ የተሰፋ ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ የእትዬ አየለች የጥልፍ አበባ አለ። ሙከራ መሆኑ ቢነገርም ሰፈሩ በሙሉ መጣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሴቶቹን ፈተሽኩ። አፈታተሼ እንዲህ ነው፤ "ቦርሳሽ ውስጥ ምን አለ?" እላለሁ። ድምፄ ስለማይሰማ "ምን አልሽኝ?" ይሉኛል። "ምንም" እላለሁ፤ ይገባሉ።

ጋሽ ሸምሱ ከስልካቸው የቆየ ጨዋታ ከፈቱ። በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ፕሮጀክተር ምን ያሳያል? ነጭ አንሶላ ነው። ድምፁ ግን ይሰማል። ሕዝቡ ተቀምጦ አንሶላውን በትኩረት ማየት ጀመረ። ጎል ሲባል ተነሥቶ ጨፈረ። አንድ ሰው "ኦፍሳይድ ነው! በደንብ አይቼዋለሁ!" ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ሊጣላ ነበር። ሁለተኛው ጎል ላይ ደመናው ተሰበሰበ፤ 'አሁን ምስሉ ሊታይ ነው' ተብሎ ተጨበጨበ። ምስሉ እውነትም ብቅ አለ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ።

የኛን አገር ዝናብ የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ አያካፋም፣ ይገለበጣል። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ወደ በሩ ሮጠ። በሩ ላይ ግማሽ በር አለ፤ ጠረጴዛ አለ፤ ጋሽ ሸምሱ አሉ።

"በሰልፍ! ሲወጣም ይፈተሻል! ውሳኔ ቁጥር አራት!"

"ኧረ ጋሽ ሸምሱ፣ በሰበስን!"

"ኪስህን አሳየኝ! አንተ፣ ምንድነው የያዝከው?"

"የገዛ ልጄን ነዋ!"

ከኋላ ያለው የፊቱን አያይም፤ ዝናቡን ብቻ ነው የሚያየው። ገፋ። የፊተኛው ከቆርቆሮው ጋር ተጣበቀ። ቆርቆሮው ጮኸ። መጀመሪያ የሚስቁ ሰዎች ነበሩ፤ ከዚያ መሳቅ አቆሙ። አንዲት እናት የታቀፈችውን ሕፃን ከሰው ራስ በላይ አነሣችው። ሕፃኑ አንድ እግሩ ላይ ብቻ ካልሲ አለው። እናትየው አልጮኸችም፤ ለመጮህ የሚሆን ትንፋሽ አልነበራትም። ደብተሬ ላይ በቀይ ምልክት ያደረግኩበት ቦታ ላይ ነው የቆመችው።

እዚያ ላይ ሳፍር ብገኝ ዛሬ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ወጣሁ። "እኔ ነኝ!" አልኩ። ማንም አልሰማኝም፤ እኔም በደንብ አልሰማሁት። ጋሽ ዱካለ አጠገቤ ነበሩ። ፊሽካቸውን ያዝኩ። ክሩ ከአንገታቸው ስላልወለቀ ራሳቸውም አብሮ መጣ። ባለ በሌለ ትንፋሼ ነፋሁት።

ሰፈሩን በሙሉ በዚያ ፊሽካ ያስተማሩት ጋሽ ዱካለ ስለሆኑ፣ ሁሉም ባለበት ቀጥ አለ።

ጃንጥላዬን ዘረጋሁ። ደብተሬን ከፍ አደረግኩ። "ሜዳውን በእርምጃ ስለካ የነበርኩት ሴትዮ እኔ ነኝ!"



"እሷ ናት!" አሉ እትዬ አየለች ከመሀል። "ጃንጥላው ነው! በስመአብ፣ ጃንጥላው ራሱ ነው!"

ከፊት ያሉት አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። ከዚያ ሁለት። ስለ እኔ ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ ከፊሉ ቦርሳዬ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይቀር ያውቃል። በሩ ጋ ያለው መጨናነቅ ላላ። እናትየው ትንፋሿን ሳበች፤ ሕፃኑን ተቀብዬ፣ እሷን በጠረጴዛው ጎን አሳልፌ፣ በበሩ አስወጣኋት። ሕፃኑን አስታቅፌያት ስዞር ሕዝቡ ቆሞ ያየኛል። ከጠረጴዛው ወረድኩ፤ ሕዝቡ አፈገፈገ። ወደ ቀኝ ብል ወደ ግራ ይሄዳል። በሕይወቴ ሙሉ ሰው መንገድ ለቆልኝ አያውቅም፤ አሁን ሜዳ ሙሉ ሰው እየለቀቀልኝ ነው።

ያኔ ገባኝ። በሩን ከጀርባዬ አድርጌ፣ ቀስ እያልኩ፣ ወደ እትዬ አየለች አጥር ነዳኋቸው። ከልማዴ የተነሣ እርምጃዬን ጮክ ብዬ እቆጥር ነበር። "አንድ… ሁለት… ሦስት…" ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ ስላላወቁ የባሰ ፈሩ። ጀርባቸው ቀርከሃውን ሲነካው ገመዱ ጭራሽ አልረዳም፤ የበሰበሰው አጥር ቀስ ብሎ፣ እንደሚተኛ ሰው፣ ከዳር እስከ ዳር ተኛ። ሕዝቡ በእንሰቱ መሀል፣ በጎመኑ ላይ፣ እየተንሸራሸረ ወጣ። አንድም ሰው አልተጎዳም። ከጎመኑ በቀር።

ሰኞ ስብሰባ ተጠራ። የምናገረውን አዘጋጅቼ፣ የሚወርድብኝን ሁሉ ልቀበል ቆርጬ ገባሁ። ስገባ ጋሽ ሸምሱ ቆመው አጨበጨቡ።

"ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ብልሃት አይቼ አላውቅም! ተጠርጣሪዋን መስላ ሕዝቡን አዳነች!"

"መስዬ አይደለም፣ ጋሽ ሸምሱ" አልኩ። ሰው ፊት ተናገርኩ፤ ልብ በሉልኝ። "እኔው ነኝ።"

"ያን ዕለትም እንዲህ ነበር ያልሽው! እንዴት ያለ ድፍረት ነው!"

"እውነቴን ነው። ደብተሩ ይኸው።"

ደብተሩን ተቀብለው ከቃለ ጉባኤው ጎን ዘረጉት። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ከዚያ በሐዘኔታ አዩኝ። "የኔ ልጅ፣ ይህ የተማረ ሰው ጽሕፈት ነው። ያንቺን እናውቀዋለን፤ ዶሮ የጫረው ነው።"

"ደግሞ ሴትዮዋ ረጅም ናት" አሉ እትዬ አየለች። "አንቺ አጭር ነሽ፣ ሆዴ። አትጨነቂ፣ ስለ ጎመኑ አልተቀየምኩሽም።"

"ግን ጃንጥላው…"

"ጃንጥላ የሌለው ማን አለ?"

ጋሽ ሸምሱ ደብተሩን አገላብጠው ካርታው ላይ ደረሱ። ዓይናቸው ፈጠጠ። "ደብተሯን ጥላ ነው የሄደችው! አያችሁ? ይኸው ማምለጫዋ፣ አሥራ አራት እርምጃ! በዚህ በኩል ነው ለመውጣት ያቀደችው።"

"አጥሩን በድንጋይ እንገንባው እንዴ?" አሉ ጋሽ ዱካለ።

አሁን ደግሞ በድንጋይ ሊዘጋ ነው።

ጋሽ ሸምሱ ግን ፈገግ አሉ። "የለም። እንዲያውም ክፍት ይሁን። ሰፋ ተደርጎ ይከፈት፤ ስትወጣ እንይዛታለን። በሩም ሁለቱም ክንፉ ይከፈት፤ ደስ ብሏት ትግባ። ጠረጴዛውም ይነሣ፣ እንዳትጠረጥር። ሲወጣ የሚባለው ፍተሻም ይቅር።"

አንድ ወር ሙሉ ልናገረው ያቃተኝን ሁሉ እሳቸው በአንድ ትንፋሽ እየነገሩኝ ነበር። እስክሪብቶዬ ሲሮጥ፣ ደስ ብሎኝ ጽሕፈቴን ማጣመም ልረሳ ምንም አልቀረኝም። "ተጠርጣሪዋ እስካሁን አልተያዘችም" የሚለውን ጨምሬ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ ማመኑን ተውኩት፤ እኔ ከታመንኩ አጥሩ ሊዘጋ ይችላል።

የጨዋታው ቀን ሰው በሰላም ገብቶ በሰላም ወጣ። ማን እንዳሸነፈ እኔን አትጠይቁኝ፤ ከሰው ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ከጨዋታው በፊት ግን፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ሕዝቡ ሲገባ፣ በአዲሱ መውጫ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ካፊያ ስለጀመረ ጃንጥላዬን ዘረጋሁ። መውጫው እንዳይዘጋ ሰው ከፊቱ አለመቀመጡን እያየሁ፣ ስፋቱን እንደገና በእርምጃ ለካሁት። አሥራ አራት። አዲስ ደብተር ገዝቼ ስለነበር አወጣሁና ጻፍኩ። ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

"ጸሐፊ፣ የት ነሽ? ቃለ ጉባኤውን ይዘሽ ቶሎ ነይ! ተጠርጣሪዋ ታይታለች፤ አየለች ከቤቷ መስኮት ሆና አሁን እያየቻት ነው፤ እኔም እንዳልታይ ከመስኮቱ ስር ጎንበስ ብያለሁ።"

"የት ጋ?" አልኩ።

"አጥሩ ጋ! ወላሂ፣ እንዳልኩት በማምለጫዋ በኩል! አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አትልም።"

"ምን እያደረገች ነው?"

ስልኩን ከአፋቸው አርቀው እትዬ አየለችን ጠየቁ፤ ሲመለሱ ድምፃቸው የበለጠ ዝቅ ብሏል።

"ስልክ እያወራች ነው" አሉኝ።